የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ምን ይቆለፍ? ምን ይተው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሴቲንግ ስለ መቆለፍ። የመጀመሪያው ጠያቂ ቆልፍ የተባለ ወጣት ነው። ሁለተኛዋ የተቆለፈባት ናት። ሦስተኛው ቆልፈው መሸጥ የሚፈልጉ ነጋዴ ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ብቸኛው የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። 48 ኮምፒውተር አለን። አምና ክራክ የተደረገውን ዊንዶውስና ኦፊስ አስወጥቼ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ፣ በኦፊስ ፋንታ ሊብሬኦፊስን፣ ለኢንተርኔት ደግሞ ፋየርፎክስ ብራውዘርን አስገባሁ። ሥራ አስኪያጃችን ደስ ብሏቸው ነበር። አሁን ግን ተማረዋል። አንድ የግዢ ክፍል ልጅ የፕሮክሲውን (የቢሮው ኢንተርኔት የሚያልፍበትን ሰርቨር) ሴቲንግ አጥፍቶ እንደፈለገ ይጠቀማል። የሂሳብ ክፍል ባልደረባችን ፋይል የሚቀመጥበትን ፎርማት ቀይራ ለባንክ የላከችው ሠንጠረዥ አልከፈት አለ። ሌላው ደግሞ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ፋየርፎክሱ ላይ ጭኖ፣ አንድ ነገር በፈለገ ቁጥር ማስታወቂያ ይዘረገፍበታል። ሥራ አስኪያጁ ‹ማንም ሰው ምንም ነገር እንዳይነካ አድርገህ ዝጋልኝ› አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ኦፕን ሶርስ አይቆለፍም፤ ፈቃዱ ራሱ ይከለክላል› ይለኛል። የማንን ልስማ? የሚቻል ከሆነስ ከየት ልጀምር?»
— ብቸኛው አይቲ፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ተሳስቷል። ሥራ አስኪያጅህ ደግሞ ችግሩን በትክክል አይተዋል፤ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም።

የጓደኛህን ቶሎ ልጨርሰው። ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም አይቶ፣ ቀይሮ፣ ሊያሰራጨው ይችላል ማለት ነው። እያንዳንዱ የቢሮ ሠራተኛ ከፊቱ ያለውን ኮምፒውተር እንዳሻው ያደርገዋል ማለት አይደለም። ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ በሞዚላ ፐብሊክ ላይሰንስ ነው የሚወጡት። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ዋናው አንኳሩ፣ ጂፒኤል ቁጥር 2 በተባለው ፈቃድ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ቢሆን ድርጅት በራሱ ማሽን ላይ ሴቲንግ እንዳይዘጋ አይከለክልም። ጂፒኤልን የጻፈው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ራሱ፣ አንድ ድርጅት ለራሱ ሥራ ብዙ ኮፒ ቢጠቀም ያ ማሰራጨት እንደማይባል በግልጽ አስረድቷል። ከዚህም በላይ መቆለፊያውን የሠሩት የሶፍትዌሮቹ ገንቢዎች ናቸው። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ቁጥር 60 ላይ ለድርጅቶች ብሎ የፖሊሲ አሠራር፣ ማለትም ድርጅቱ ሴቲንጉን ራሱ የሚወስንበትን መንገድ፣ አስገባ። ሰዎቹ የቢሮን ችግር ያውቁታል።

አሁን ወደ ሥራ አስኪያጅህ ቃል ልምጣ፤ «ማንም ምንም እንዳይነካ»። ይህን ትእዛዝ እኔም ተቀብዬ ፈጽሜዋለሁ። ምን እንዳስከተለ ልንገርህ።

ከ12 ዓመት በፊት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። 70 ገደማ ኮምፒውተር ነበረን። አለቃዬ ዝጊ አሉኝ፣ ዘጋሁ። የጀርባ ሥዕሉን፣ የፊደሉን መጠን፣ የኪቦርዱን ዓይነት፣ የስክሪኑን መጠን፣ አንድም ሳላስቀር። ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ለሦስት ወር ያህል ቅሬታ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠርኩት።

ሐምሌ ላይ መዝገብ ቤት ፕሪንተር ልጠግን ወረድኩ። እዚያ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው እናት ነበሩ። ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። ስገባ በእጃቸው ማጉያ መነጽር ይዘው ስክሪኑ ላይ ተደፍተዋል። የመዝገብ ቁጥር አንድ በአንድ እያነበቡ ወረቀት ላይ ይገለብጣሉ። «ምነው እማማ?» አልኳቸው። ድሮ ፊደሉን እያተለቁ ነበር የሚሠሩት። እኔ ስዘጋው ቁልፉ ደበዘዘባቸው፤ ቢጫኑት አይሰማም። መነጽሩን ከፒያሳ በራሳቸው ገንዘብ ገዙ። «ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው፣ «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው ብዬ ነዋ ልጄ» አሉኝ።

ያን ለመክፈት 2 ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። እሳቸው ግን ሦስት ወር በማጉያ ሠርተዋል። አሁንም ሳስበው ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ሴቲንግ ከመዝጋቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ሰውየው ይህን ቢቀይረው ከእሱ ሌላ ማን ይጎዳል? የፊደል መጠን ቢቀይር ማንም አይጎዳም። የኪቦርዱን አቀማመጥ ቢቀይር ማንም አይጎዳም። ፕሮክሲውን ቢያጠፋ ግን 48ቱም ኮምፒውተር ላይ አደጋ ይመጣል። የማይታወቅ ኤክስቴንሽን ቢጭን የባንክ ፓስወርድ ሊወጣ ይችላል። ሌላው ሰው የሚጎዳበትን ቆልፍ። የቀረውን ጥሩ አድርገህ አዘጋጅና ክፍት ተወው።

«አዘጋጅ» ያልኩትን ልብ በልልኝ። ብዙ የአይቲ ልጆች ዲፎልትና ቁልፍን ይቀላቅላሉ። ዲፎልት ስታደርግ ሰውየው ኮምፒውተሩን ሲከፍት አንተ የመረጥከውን ያገኛል፤ ካልተመቸው ይቀይረዋል። ስትቆልፍ ግን መቀየር አይችልም። ብዙ ሰው ሴቲንግ የሚነካው የመጣለት ነገር ስላልተመቸው ነው። ዲፎልቱን ካሳመርክለት አብዛኛው ሰው ጨርሶ አይነካውም። የግዕዝ ፎንቱን አስተካክለህ፣ የአማርኛ ኪቦርዱን አስገብተህ፣ የቢሮውን ፕሪንተር ቀድመህ ጭነህ ስጠው። የጥሪህ ቁጥር ራሱ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፖሊሲ ከመጻፍህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ። ኡቡንቱ ሲጫን መጀመሪያ የሚፈጠረው ተጠቃሚ ሱዶ ግሩፕ ውስጥ ይገባል፤ ማለትም የአድሚን ሥልጣን ይኖረዋል። ብዙ ቢሮ ውስጥ ያ የመጀመሪያ አካውንት በቀጥታ ለሠራተኛው ይሰጣል። እንደዚያ ከሆነ የምትጽፈው ፖሊሲ ሁሉ ከንቱ ነው። ሰውየው የራሱን ፓስወርድ አስገብቶ ፋይሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ 48ቱንም ዞረህ እይ። ለሠራተኛው ሥልጣን የሌለው አካውንት፣ ለአንተ ደግሞ የተለየ የአድሚን አካውንት ይኑር። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አንድ ሳምንት ይፈጅብህ ይሆናል። ያለሱ ግን የቀረው አይሠራም።

ቀጥሎ ፋየርፎክስ። ሊኑክስ ላይ ኢቲሲ በሚባለው የሲስተም ፎልደር ውስጥ «ፋየርፎክስ» የሚል ፎልደር፣ በእሱም ውስጥ «ፖሊሲስ» የሚል ፎልደር ትፈጥራለህ። እዚያ ውስጥ ፖሊሲስ ነጥብ ጄሰን የተባለ አንድ ፋይል ይቀመጣል። ስሞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ በትንንሽ ፊደል ይጻፉ። ፋይሉ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ተጠቃሚ ሁሉ ይገዛል። በውስጡ ሦስት ነገር ብቻ ጻፍ።

አንደኛው ፕሮክሲ ነው። የሰርቨሩን አድራሻ ከነፖርቱ አስገባና «ሎክድ» የሚለውን እውነት አድርገው። የግዢ ክፍሉ ልጅ ሴቲንጉን ያየዋል፣ ሊነካው ግን አይችልም። ሁለተኛው ኤክስቴንሽን ነው። ኤክስቴንሽን ሴቲንግስ በሚለው ፖሊሲ ውስጥ የኮከብ ምልክት ማለት «ሁሉም» ማለት ነው። ለኮከቡ «ብሎክድ» ብለህ ትጀምራለህ። ከዚያ የፈቀድካቸውን በየመለያቸው እየጠራህ «አላውድ» ትላለህ። ለሁሉም ሰው እንዲጫን የምትፈልገው ካለ ደግሞ «ፎርስ ኢንስቶልድ» የሚል አማራጭ አለ። ሦስተኛው ሆም ፔጅ ነው። የድርጅቱን ገጽ አስገባ፣ ነገር ግን አትቆልፈው። አንዲት ሠራተኛ ጠዋት ፋየርፎክስ ስትከፍት የጉምሩክን ገጽ ማየት ከፈለገች ማን ተጎዳ?

ጄሰን በሚባለው በዚህ የፋይል አጻጻፍ ላይ ተጠንቀቅ። አንዲት ኮማ ከጎደለች ወይም ከተረፈች ፋየርፎክስ ፋይሉን ማንበብ አይችልም። ብራውዘሩ ግን እንደ ወትሮው ይከፈታል፤ አንተ ቆልፌያለሁ ብለህ ተኝተሃል፣ እዚያ ግን ሁሉም ክፍት ነው። ስለዚህ በየጊዜው አድራሻ መጻፊያው ላይ «አባውት»፣ ሁለት ነጥብ፣ «ፖሊሲስ» ብለህ ግባ። «አክቲቭ» በሚለው ስር የጻፍካቸው ካልታዩህ አልሠራም ማለት ነው። መጀመሪያ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ሞክር፤ አንዱ የአንተ፣ ሌላው የትዕግሥተኛ ሰው ይሁን። አርብ ከሰዓት በኋላ አትጀምረው።

ቢሯችሁ ውስጥ ክሮሚየም (የጉግል ክሮም መሠረት የሆነውን ብራውዘር) የሚጠቀም ካለ እዚያ ነገሩ በፎልደር ተለይቶ ይጠብቅሃል። «ማኔጅድ» ውስጥ ያስቀመጥከው ይቆለፋል። «ሬኮሜንድድ» ውስጥ ያስቀመጥከው ዲፎልት ይሆናል። ይህን አከፋፈል በጣም እወደዋለሁ፤ ፋይሉን የምታስቀምጥበት ቦታ ራሱ እንድትወስን ያስገድድሃል።

ሊብሬኦፊስ ትንሽ እጅ ይይዛል። ዘዴው ይህ ነው። የሙከራ ኮምፒውተር ላይ የምትፈልገውን ሴቲንግ ከምናሌው ቀይረህ ሊብሬኦፊስን ዝጋ። ከዚያ የተጠቃሚው የተደበቀ ኮንፊግ ፎልደር ውስጥ ሬጂስትሪ ሞዲፊኬሽንስ የሚባለውን ፋይል ክፈት። የቀየርከው ነገር እዚያ በአንድ መስመር ተጽፎ ታገኘዋለህ። ያን መስመር ሊብሬኦፊስ ራሱ የተጫነበት ቦታ፣ ሼር ውስጥ ባለው ሬጂስትሪ ፎልደር፣ በራስህ ስም በምትፈጥረው የኤክስሲዲ ፋይል ውስጥ ታስገባዋለህ። አጻጻፉ ጥቂት ስለሚለይ እዚያው ያሉትን ፋይሎች ሞዴል አድርግ። ይህን ያህል ብቻ ካደረግክ ዲፎልት ነው የሚሆነው። መቆለፍ ስትፈልግ «ፋይናላይዝድ» የሚለውን ምልክት ጨምረህ እውነት አድርገው። ያኔ ሴቲንጉ ደብዝዞ አይነካም።

እኔ ሊብሬኦፊስ ላይ የምቆልፈው አንድ ነገር ነው፤ የማክሮ ጥበቃውን። ማክሮ ማለት ሰነድ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ደረጃው ከ0 እስከ 3 ነው፤ 2 «ሃይ» የሚባለው ነው። እዚያ ላይ ቆልፈው። በኢሜይል የመጣ ሠንጠረዥ ውስጥ የተደበቀ ማክሮ የሚጎዳው የከፈተውን ሰው ብቻ አይደለምና። ሂሳብ ክፍል የደመወዝ ማክሮ ካላቸው ከልብ ጠይቃቸው፤ ያን ፋይል የሚያስቀምጡበትን አንድ ፎልደር የታመነ ብለህ መዝግብላቸው። ሳትጠይቅ ዘግተህ የወር መጨረሻ ላይ ደመወዝ እንዳይዘገይ።

የፋይል ፎርማቱን ግን አትቆልፍ። እዚህ ላይ ቁልፍ የሚፈታው ነገር የለም። ዲፎልቱን ብትቆልፈውም ሰው «ሴቭ አዝ» ብሎ የፈለገውን ፎርማት መምረጥ ይችላል። ባንኩ የሚፈልገው ኤክስኤልኤስኤክስ (የኤክሴል ፎርማት) ከሆነ እሱን ዲፎልት አድርገው። ከዚያ ልጅቷ ጋ ሄደህ 10 ደቂቃ አብረሃት ተቀመጥ። ለምን እንደቀየረችው ጠይቃት። ምናልባት ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ፋይል አልከፈት ብሏት ይሆናል። ምክንያቱን ሳታውቅ ብትዘጋባት ሌላ መንገድ ትፈልጋለች፤ ያኔ በፍላሽ እየያዘች ውጭ ኢንተርኔት ቤት ትልከዋለች። ለድርጅትህ ያ ይብሳል።

የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ራሱ የሚቆለፈው በዲኮንፍ፣ ማለትም የዴስክቶፑ ሴቲንግ በሚቀመጥበት ሲስተም፣ ነው። ኢቲሲ ውስጥ ባለው የዲኮንፍ ፎልደር ዲፎልቶቹን በአንድ ፋይል፣ የሚቆለፉትን ደግሞ «ሎክስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ በሌላ ፋይል ትዘረዝራለህ። ፕሮፋይሉ የሲስተሙን ዳታቤዝ እንዲያነብ ማድረግ አትርሳ። በመጨረሻም «ዲኮንፍ አፕዴት» የሚለውን ትእዛዝ ስጥ። ያን ትእዛዝ ረስቶ ግማሽ ቀን ሲለፋ የዋለ ሰው አውቃለሁ። እዚህ ላይ የምመክርህ ስክሪኑ በራሱ መቆለፉን ነው። 300 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ደቂቃ፣ ጥሩ ነው። ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ምሳ ይወጣልና፤ ያኔ የሚጋለጠው የደንበኛ መረጃ ነው። የፊደል ማተለቂያውን፣ ኪቦርዱን፣ የመዳፊቱን ፍጥነት አትንካ። የእማማን ነገር አስብልኝ።

የጀርባ ሥዕሉን አለቃህ የድርጅቱ አርማ ይሁን ካሉ እሺ በላቸው። ይህ የማንንም ሥራ አያግድም። አዳዲሶቹ ኡቡንቱዎች ላይ ለጨለማው ገጽታ የተለየ ሥዕል ስላለ ሁለቱንም አስገባ። ከእሳቸው ጋር ለአርማ አትጣላ፤ ለትልቁ ጉዳይ ጉልበትህን ቆጥብ።

አንድ ትልቅ ነገር ቀረ። ብራውዘር ላይ የተቆለፈ ፕሮክሲ ግድግዳ አይደለም። ሰውየው ሌላ ብራውዘር የራሱ ፎልደር ውስጥ አውርዶ ሊያስነሳ ይችላል፤ እሱ የፋየርፎክስን ፖሊሲ አያውቅም። ትክክለኛው ቦታ መውጫ በሩ ነው። ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ ላይ፣ ከፕሮክሲ ሰርቨሩ በቀር ማንም በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ አድርግ። ያኔ ፕሮክሲውን ያጠፋ ሰው ኢንተርኔት አያገኝም፤ ራሱ መልሶ ያስገባዋል። አንተም ሰው መከታተል አይጠበቅብህም። ፋየርፎክስ ላይ ያለው ቁልፍ በስህተት እንዳይነካ የሚያግዝ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጅህን እንዴት ታናግራቸዋለህ? «አይሆንም» ብለህ አትግባ። አንድ ገጽ ጽፈህ ግባ። የሚቆለፉት እነዚህ ናቸው፣ ምክንያታቸው ይህ ነው፤ ክፍት የሚቀሩት እነዚህ ናቸው በላቸው። ከዚያ ቁጥሩን አስረዳቸው። 48 ሰው አለ፣ አይቲው አንድ ነው። ሁሉም ነገር ከተቆለፈ ስክሪኑን ማደብዘዝ የፈለገ ሁሉ አንተን ይጠራል። አንተ ታመህ ብትቀር ወይም እረፍት ብትወጣ ቢሮው ይቆማል። ነጋዴ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል።

ያንኑ ገጽ በቀላል አማርኛ አሳጥረህ ለሠራተኛው ሁሉ ስጥ። ምን እንደተቆለፈ፣ ለምን እንደተቆለፈ፣ ለሥራው ያስፈለገው ሰው ማንን እንደሚጠይቅና በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ ይጻፍበት። የእኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ኖሮ ቢሆን እማማ በማግስቱ ስልክ ይደውሉልኝ ነበር።

ጥያቄ፦ «እህቴ እንደምን ነሽ? ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሰሞኑን ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ ስገባ ብራውዘሩ በድርጅቴ እንደሚተዳደር የሚገልጽ ጽሑፍ አየሁ። በጣም ደነገጥኩ። አንዳንዴ የልጆቼን ትምህርት ቤት መልእክት በእሱ ነው የማየው፤ የባንክ ሂሳቤንም ከፍቼ አውቃለሁ። ሁሉን እያዩብኝ ነው ማለት ነው? የአይቲውን ልጅ እንዳልጠይቅ ምን ደብቃ ነው እንዳይለኝ ፈራሁ።»
— የጨነቃት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ያ ጽሑፍ ብቻውን እያዩሽ ነው ማለት አይደለም። ድርጅቱ ቢያንስ አንድ ፖሊሲ አስገብቷል ማለት ነው። ያ አንድ ፖሊሲ ሆም ፔጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፋየርፎክስ ይህን ጽሑፍ የሚያሳየው ሳታውቂ እንዳይደረግ ብሎ ነው፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ምን እንደገባ ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም። ከላይ ለሜክሲኮው ልጅ የነገርኩትን «አባውት»፣ ሁለት ነጥብ፣ «ፖሊሲስ» የሚለውን አድራሻ መጻፊያው ላይ በእንግሊዝኛ ጻፊ። ዝርዝሩ ይመጣል። ኤክስቴንሽን፣ ሆም ፔጅ፣ ፕሮክሲ የሚሉ ከሆኑ የተለመደ የቢሮ ሥራ ነው። «ሰርተፊኬትስ» (ብራውዘሩ አንድን ሰርቨር እንዲያምን የሚያደርግ ዲጂታል ማረጋገጫ) የሚል ካየሽ ግን ጠይቂ። ድርጅት የራሱን ሰርተፊኬት የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ለውስጥ ሰርቨሮቹ ነው። ሆኖም በዚያው ሰርተፊኬት የተመሰጠረውን ግንኙነት መሃል ላይ ከፍቶ የሚያይ መሣሪያም ሊተክል ይችላል። የትኛው እንደሆነ ከዝርዝሩ አታውቂውም፤ መልሱ አይቲው ጋ ነው።

ስትጠይቂውም አትፍሪ። «ወንድሜ፣ ይህ ሰርተፊኬት ለምንድን ነው የገባው? ባንክ ስከፍት ይታያል ወይ?» በይው። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሰው ስለ እሱ የሚሰበሰበው መረጃ ለምን እንደሚሰበሰብ ማወቁ መብቱ ነው። ጥያቄሽ የደንብ ጥሰት አይደለም።

መልሱን እስክታገኚ ድረስ የባንክ ሂሳብሽን በስልክሽ፣ በራስሽ ዳታ ክፈች። የቢሮው ዋይፋይ ላይ አይሁን። የልጆችሽን መልእክትም እንዲሁ። ይህን የምልሽ አለቆችሽን ጠርጥሬ አይደለም። የቢሮ ኮምፒውተር ሲበላሽ ሌላ ሰው ይከፍተዋል፣ ሲቀየር ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኔም የራሴን ባንክ በቢሮ ኮምፒውተር አልከፍትም።

ጥያቄ፦ «ቸርችል ጎዳና ላይ ትንሽ የኮምፒውተር ሱቅ አለኝ። ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ጠግኜ፣ ሊኑክስ ጭኜ ለግል ትምህርት ቤቶች እሸጣለሁ። ተማሪዎች ሴቲንግ እየነካኩ ያበላሹታል፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ በነፃ ጠግንልን ይለኛል። ስለዚህ ሁሉን ቆልፌ፣ የአድሚን ፓስወርዱን ራሴ ጋ ይዤ ልሸጥ አስቤያለሁ። የፈቃድ ችግር ይኖረዋል?»
— ባለሱቁ፣ ከቸርችል ጎዳና

መልስ፦ ጌታዬ፣ የእርስዎ ነገር ከላይኞቹ ይለያል። የሜክሲኮው ልጅ የሚቆልፈው የድርጅቱን ንብረት ነው። እርስዎ ግን ከሸጡት በኋላ ኮምፒውተሩ የእርስዎ አይደለም፤ ሶፍትዌሩንም አስረክበዋል። በጂፒኤል ቋንቋ ይህ ማሰራጨት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው ቀላል ነው። የሊኑክሱ የፈቃድ ጽሑፎች ከኮምፒውተሩ ላይ እንዳይጠፉ፤ ገዢውም የሶፍትዌሩን ኮድ የሚያገኝበት መንገድ ይኑረው። እንደ ኡቡንቱ ያለ ታዋቂ የሊኑክስ ስርጭት ሳይቀይሩ የጫኑ ከሆነ ኮዱ ከአዘጋጆቹ ዘንድ በነፃ ይገኛል። ይሁን እንጂ ለሚሸጥ ኮምፒውተር ከየት እንደሚወርድ መጠቆም ብቻ አይበቃም፤ ኮዱን አብረው ይስጡ፣ አለዚያም ለጠየቀ ሰው ቢያንስ ለሦስት ዓመት ኮዱን እንደሚሰጡ በአንድ ወረቀት ጽፈው ከኮምፒውተሩ ጋር ይስጡ።

ሁለተኛው ፓስወርዱ ነው። እዚህ ላይ እለምንዎታለሁ፣ እርስዎ ጋ አይያዙት። ጂፒኤል ቁጥር 3 እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ካስነሱት ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነበር። ቲቮ የተባለ የቴሌቪዥን መቅረጫ መሣሪያ ውስጡ ሊኑክስ ነበረው። ኮዱ ይገኝ ነበር። ባለቤቱ ኮዱን ቀይሮ መልሶ ቢጭነው ግን መሣሪያው አልነሣም ይል ነበር። ለዚህ ነው ቁጥር 3 ለግል ወይም ለቤት መገልገያ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ላይ፣ የተሻሻለውን ሶፍትዌር ለመጫን የሚያስፈልገው መረጃ አብሮ እንዲሰጥ ያዘዘው። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር በዚህ አንቀጽ ስር ይገባል አይገባም የሚለውን የሕግ ሰው ይከራከርበት። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ሱቅዎ ቢዘጋ ወይም እርስዎ አገር ቢለቁ፣ ያ ትምህርት ቤት 20 ኮምፒውተር ይዞ አንድ ፕሪንተር መጫን ሊያቅተው ነው። ልጆቹ የሚማሩበት ክፍል ነው።

ተማሪው እንዳያበላሸው የሚፈልጉት ግን ተገቢ ነው። ለተማሪው ሥልጣን የሌለው አካውንት ይፍጠሩ። ከላይ ያልኳቸውን የዲኮንፍ ቁልፎች እሱ ላይ ይጠቀሙ። እዚህ የጀርባ ሥዕሉንም፣ የታችኛውን አሞሌም መቆለፍ ያስኬዳል፤ አንድ ኮምፒውተር ላይ በቀን አምስት ልጅ ስለሚቀመጥ አንዱ የቀየረው ሌላውን ያስቸግራል። የፊደል ማተለቂያውን ግን እዚህም ክፍት ይተዉ። ዓይኑ የደከመ ልጅ በየክፍሉ አለ፤ ብዙው ደግሞ አይናገርም።

የጥገናውን ነገር በውል ይጨርሱት። ለምሳሌ የመጀመሪያው 6 ወር በነፃ፣ ከዚያ በኋላ በክፍያ ብለው ይጻፉ። ተማሪ ያበላሸውንና ዕቃው ራሱ የተበላሸውን ይለዩት። የአድሚን ፓስወርዱን በወረቀት ጽፈው ፖስታ ውስጥ ያሽጉ። ለርዕሰ መምህሩ በፊርማ ያስረክቡ። ፖስታውን ከፍተው ከተጠቀሙ በኋላ የመጣ ብልሽት በክፍያ እንደሚጠገን ውሉ ላይ ያስፍሩት። እኔ የማውቃቸው አንድ ባለሱቅ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ፖስታው ከርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ሳይወጣ ዓመቱ ያልፋል ይሉኛል።